ያደረ ዓሣ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለቀጮ፤

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን አልጎነበስም ብሎ አኮረፈ እንጂ ያን ያህል አልታመመም። ይሄ ወረቀት ዓሣ ዓሣ ቢሸትህ አትቀየመኝ፤ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። አንተም መጽሔት ቤት ከገባህ ወዲህ የእጅ ጽሑፍህ የሐኪም መስሏል።

«እጮኛዬን ይዤ ልመጣ ነው፤ የት የት እንብላ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጉድ ነው መቼም። ብቻህን ስትመጣ ድስቴን ጠርገህ በልተህ ጠረጴዛ ላይ ድፍት ብለህ የምትተኛው ልጅ፣ ዛሬ ምግብ ቤት ምረጪልኝ አልክ? ይሁን። ሰው ስትወድ ጨዋ ትሆናለህ ማለት ነው። እንግዲያው ስማኝ።

ጠዋት ባለ ዳቦዋ ጋ ሂዱ። ከጀልባ መጠገኛው ግንብ ጥግ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትፎርፍ የምትደበቅባት። ምድጃዋን የምትከፍተው የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ከሩቅ ሲታዩ ነው፤ ከዚያ በፊት ብትለምናትም ብታለቅስላትም አታገኝም። ትኩስ ዳቦ ሰንጥቃ እንቁላልና ቲማቲም ትጨምርበታለች። ወንበር የላትም፤ የተገለበጠችዋ ጀልባ ላይ ነው የሚቀመጡት። ለልጅቷ ነጭ ቀሚስ እንዳትለብስ ንገራት፤ ቀለሙ ከተቀባ ሦስት ዓመት አልፎት አሁንም ይለቃል። ሜኑ ብሎ ነገር ደግሞ እንዳትጠይቋት። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ቢጠይቃት «ሜኑው እኔ ነኝ፣ አንብበኝ» ብላዋለች።

ለምሳ መምህሩ ጋ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የዓሣ ሾርባ ነው የሚሠራው፤ በቀን ሁለት ድስት፣ ካለቀ አለቀ። ሳህንህን አጋምሰህ ከተውክ «ይህ ሥራ አልተጠናቀቀም» ብሎ ይመልስልሃል። ዕድሜ ልኩን ልጅ ሲያስፈራራ ኖሮ አሁን ደግሞ በልተኛ ያስፈራራል። ሾርባው ግን ወደር የለውም። ሎሚውን ራሱ ነው የሚጨምቀው፤ እጃችሁን እንዳታስገቡበት።

ሸርጣን ካማራችሁ ባልና ሚስቱ አሉላችሁ። እሷ ሸርጣን ትቀቅላለች፣ እሱ ድንች ይጠብሳል። መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ቆማችሁ አዳምጡ። ጸጥ ካሉ ተኳርፈዋል፤ ድንቹ ጨው ይበዛበታልና በማግስቱ ተመለሱ። እየተነታረኩ ከሆነ ግን ሰላም ነው፣ ግቡ። ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴል እንዳትሄዱ። ሳህኑ ያብረቀርቃል፤ ዓሣው ግን በመኪና ተጭኖ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ባሕር እያዩ የመኪና ዓሣ መብላት ምን የሚሉት ነው?

ወደ አሥር ሰዓት ላይ እኔ ጋ ናችሁ፤ ይሄ ምርጫ አይደለም። ያው ስድስቱ ሰማያዊ ጠረጴዛዎቼ አሉ። የራሴን አላሞግስም፤ ፍም ላይ የተጠበሰ ዓሣ ነው፣ አንተም ያደግክበት ነው። አንድ ነገር ግን ለልጅቷ ቀድመህ አስረዳት፤ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ስንደፋ ታያለች። ባሕሩ ዳር የተደረደረው የረድፉ ምግብ አብሳይ ሁሉ ሳፋውን ይዞ ወጥቶ፣ የተረፈውን ዓሣ ሰው እያየው አንድ ላይ ባሕሩ ጫፍ ሲደፋ ማለት ነው። አንድ የከተማ ሰው «ምን ዓይነት ብክነት ነው» ብሎ ቢያማርር ባለ ዳቦዋ «እናንተ ጋ ያደረ ይበላል፣ እኛ ጋ ያደረ አይበላም» ብላ አፉን አስያዘችው። እንዳትደነግጥብኝ።

ሞት ይርሳኝ፣ ካፒቴኑ ጋ ዓሣ ለመግዛት እንዳትሄድ። ማጥመድ ትቷል፤ ጀልባውን ለእንግዳ መዝናኛ አድርጓታል። ሰላምታህን ግን አትንፈገው።

የምትመጡበትን ቀን ጻፍልኝ። የናፈቅከኝን ያህል ወረቀት አይበቃኝም።

እህትህ


ኅዳር 2

ይድረስ ለቀጮ፤

እንዴት ነህልኝ? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ አውጥቼ አነበብኩት፤ መልሼ ከተትኩት። «ያ ሁሉ ሰው የሚወደው ካፒቴን ምን ሆኖ ነው ማጥመድ የተወው? አንቺስ ስለሱ ስትጽፊ ለምን እንደሚሮጥ ሰው አለፍሽው?» አልከኝ። ከትንሽነትህ ጀምሮ የተከደነ ድስት ካልከፈትክ እንቅልፍ አይወስድህም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በንፋሱ ወር፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ታሞ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ያኔ ጽፌልሃለሁ፤ ዓሣ ነው የጎዳው ብዬህ ነበር። የበላው እኔ ጋ ነው። ዓሣውን የገዛሁት ከካፒቴኑ ነው። እስከዚህ ድረስ የረድፉ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ ጋ ዓሣ እንደማያድር የተረጋገጠ ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ሲደፋ ያየዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የጀልባው ነው፤ ካፒቴኑ ያደረውን ትኩስ ነው ብሎ ሸጦ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ተፈረደ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረውም። ዝም ብለው ከሱ መግዛት ተዉ።

ዓሣውን ያሳደርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አርባ አስተማሪዎች ለምሳ ቀጥረውኝ ነበር። ንፋሱ ባሕሩን ሊዘጋው እንደሆነ ሰማዩ በግልጽ ይናገር ነበር። አርባ ሰው በባዶ ሳህን ልቀበል ነው ብዬ ተጨነቅኩ። አራት ትልልቅ ዓሣ ጓሮ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ደበቅኩ። ሳፋዬን በጭንቅላትና በአንጀት ሞላሁት፤ ላዩ ላይ ሁለት ትንንሽ ዓሣ ጣል አደረግኩበትና ወጥቼ ከሰው እኩል ደፋሁ። ባለ ዳቦዋ ከጎኔ ነበረች፤ «ዛሬ ብዙ ተረፈሽ» ብላ አዘነችልኝ። ጠዋት ሳየው በረዶው ቀልጧል። አሸተትኩት። ደህና ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አለበስኩት። አስተማሪዎቹ በንፋሱ ምክንያት ቀሩ። የበላው ፖስተኛው ብቻ ነው።

ሲያገግም እናገራለሁ አልኩ። ሲያገግም ደግሞ ነገሩ ካፒቴኑ ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ አፌ ተለጎመ። ዓሣ ያሳደረ ሰው ሳፋውን ከረድፉ እንደሚያነሣ፣ ከዚያ ወዲያ እዚህ እንደማይሸጥ ታውቃለህ። እኔ ሳስታውስ ያነሣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ስሟ እስከ ዛሬ በክፉ ይነሣል። እኔ ከዚህ ረድፍ ሌላ ምን አለኝ? እናታችን ከሞተች ወዲህ አንተንም ራሴንም ያቆምኩት እዚህ ቆሜ ነው። ካፒቴኑ በጀልባው እንግዳ ጭኖ በደጄ ሲያልፍ እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም አውለበልብለታለሁ።

ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ላንተስ ለምን እንደነገርኩህ እንጃ፤ ስለጠየቅከኝ ይመስለኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ። አንብበህ ቅደደው። መቅደድህንም ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

ለውድ እትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ? ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ሥራው አናቴ ላይ ወጥቶ ፋታ አሳጥቶኝ ነው። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የምተኛበት ቀን አለ።

ቀደድከው ወይ ብለሽ ከዚያ በኋላ በላክሻቸው በሁለቱም ደብዳቤዎች ጠይቀሽኛል። እትዬ ሙች፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ያሳደግሽኝ ወንድምሽ እኮ ነኝ። በዚህ አትጨነቂብኝ። ደግሞ ራስሽንም ያን ያህል አትውቀሺ፤ ማንም ሰው በጭንቅ ቀን የሚያደርገውን ነው ያደረግሽው። ደብዳቤሽን ሳነብ ዕንባዬ መጥቷል። እንዴት አድርገሽ እንደምትጽፊ ራስሽም አታውቂውም፤ እዚህ በደመወዝ ከሚጽፉት ይበልጣል።

መምጣታችን ለዚህ ወር የሚሆን አይመስለኝም። እጮኛዬ ሥራ በዝቶባታል። የእኔም የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ ዋና አዘጋጁ ከአራታችን አንዳችንን ብቻ ነው ቋሚ የሚያደርገው። አንድ ጥሩ ነገር እየሠራሁ ነው፣ ሲወጣ ታዪዋለሽ። ከተሳካልኝ መጀመሪያ የምኩራራው ባንቺ ነው።

እስከዚያው ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ጠረጴዛዎቹን ቀለም ቀይረሻቸዋል ወይስ ያው ናቸው? መድፋቱ ስንት ሰዓት ግድም ነው? እንግዳ ሰው ሊያይ ቢመጣ ይቆጣሉ? የካፒቴኑ ጀልባ አሁንም ቀይ ናት? እስከ ወሩ መጨረሻ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ዳቦዋን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 19

ቀጮ፤

«ምነው ጠፋሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» የሚል ካርድህ ደርሶኛል። አልታመምኩም። ሰላምታውን እንዳለፍኩት ይገባህ፤ ደህና መሆንህን እያወቅኩ ደህና ነህ ወይ አልልህም።

ዛሬ ማክሰኞ አንድ ባልና ሚስት ገቡ። ሴትየዋ መጽሔት ይዛለች፤ ገጹ ላይ ጣቷን አድርጋ ጠረጴዛዬን አየችና ለባሏ «እሷ ናት» አለችው። ዝና መስሎኝ ፈገግ አልኩላት። «ወንድሜ እኮ እዚያ ነው የሚሠራው፤ እስቲ ልየው» አልኳት። ስትሰጠኝ ታመነታ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

ባሕሩ ዳር ስለሚበላባቸው ምርጥ ቦታዎች ይላል። ከሥሩ ያንተ ስም አለ። ቆሜ አነበብኩት። የተገለበጠችው ጀልባ አለች፣ ነጩ ቀሚስ አለ፣ የመምህሩ ሎሚ አለ፣ የድንቹ ጨው አለ። ባለ ዳቦዋ «ሜኑው እኔ ነኝ፣ አንብበኝ» ያለችው አንተን ሆነ። መቼ ነው አንተን ያለችህ? እግርህ እዚህ ከረገጠ አራት ዓመቱ አይደል እንዴ። ደብዳቤዬን ነጠላ ሰረዝ ጨምረህ አሳተምከው። እሱንስ ይሁን፤ ብትነግረኝ መርቄ እሰጥህ ነበር። ገጹን ስገልጥ ግን የኅዳሩን ደብዳቤዬን አገኘሁት።

«ይህ ውብ ልማድ ግን አንድ ጊዜ ተጥሷል» ትላለህ። «በሰማያዊ ጠረጴዛዎቿ የምትታወቀው ምግብ አብሳይ አራት ዓሣ ደብቃ ጭንቅላትና አንጀት የሞላ ሳፋ ደፋች። አንድ አዛውንት ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ጥፋቱ የወደቀው ግን በአንድ ምስኪን ዓሣ አጥማጅ ላይ ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ እጇን እያውለበለበች ታሳልፈዋለች።» እጄን እያውለበለብኩ። ይህቺን እንኳ ልትተውልኝ አልቻልክም።

ስሜን አልጻፍክም። እንደ ውለታ እንዳትቆጥረው። እዚህ ዳርቻ ላይ ሰማያዊ ጠረጴዛ ያለው ስንት ሰው ነው? ለካ ቀለሙን የጠየቅከኝ ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ቤቱ ናፍቆት ነው ብዬ፣ አንደኛው ጠረጴዛ እግሩ ተሰብሮ እንደተጠገነ ሳይቀር ጻፍኩልህ። እሱንም አስገብተኸዋል።

እንግዶቹ ሳይበሉ ሄዱ።

መጽሔቱ መምህሩ እጅ ገና አልገባም። አርብ በአውቶቡስ ይመጣለታል። ጽሑፍህ ካለበት ለረድፉ ሰው ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ «ተማሪዬ ነው» እያለ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። ሦስት ቀን አለኝ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያንን ስትጽፍ ረስተኸኝ ነው ወይስ አስበኸኝ? ረስቼሽ ነው ካልክ ወጣት ነው፣ ሥራ አሳውሮት ነው ብዬ እችለው ይሆናል።

እህትህ


ጥር 27

ለውድ እትዬ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል አነሰችብኝ፤ ሌላ ደግሞ የለኝም።

አሰብኩሽ። አልዋሽሽም። መጀመሪያ ያቀረብኩት ያለሱ ነበር፤ ዳቦው፣ ሾርባው፣ ሸርጣኑ፣ መድፋቱ። ዋና አዘጋጁ አነበበውና «ሁሉም ይጣፍጣል፣ ሁሉም ደግ ነው፤ ይሄ ማስታወቂያ እንጂ ጽሑፍ አይደለም» ብሎ ወረወረልኝ። ከአራታችን የሦስቱ አልፎ ነበር። የዚያን ዕለት ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበረ። አዎ፣ አልቀደድኩትም። ለመቅደድ አውጥቼው አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ መልሼ አነበዋለሁ። ስሟን ካልጻፍኩ ማን ያውቃታል አልኩ። ከተማውም አልተጠቀሰም። እዚያ ማን መጽሔት ያነባል ብዬ ነው፤ መምህሩን ረሳሁት።

ስለ እጮኛዬ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ከነሐሴ ጀምሮ ተለያይተናል። ልንመጣ ነው ያልኩሽ... ለሥራው ስለፈለግኩት ነው። ለጽሑፍ ነው ብልሽ ተጠንቅቀሽ ትጽፊያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ስትጠነቀቂ አይጥምም።

ቋሚ አድርገውኛል። ልነግርሽ አፍሬ ነበር።

አንድ ነገር ግን እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። የጻፍኩት ሐሰት አይደለም። ካፒቴኑ ሁለት ዓመት በሐሰት ተኮንኖ ኖሯል፤ አሁን ነጻ ወጣ። አንድ ቀን መነገር ነበረበት፣ አይደለም? ከከበደሽ ደግሞ መላ አለ። ወንድሜ የፈጠረው ወሬ ነው በያቸው። እኔም ልብ ወለድ ጨምሬበታለሁ ብዬ ለመምህሩ እጽፍለታለሁ። እኔ ውሸታም ልባል፣ ግድ የለኝም። አፈር ስሆንልሽ ብቻ አትጥዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 15

ቀጮ፤

ለመምህሩ ምንም እንዳትጽፍ። ፈጠረው አልልልህም፤ ጊዜውም አልፏል።

መምህሩ ያነበበ ቀን ምን ሆነ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አላነበበውም። ሐሙስ ዕለት እኔው ሄጄ ነገርኩት፤ ከሱ በፊት ግን ካፒቴኑ ቤት ነበርኩ። ጀልባዋን ገልብጦ ቀለም ይቀባ ነበር። ያደረግኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ያን ቀን ያወጣሁት ዓሣ ጀልባዋ ውስጥ ሲዘል አይቼዋለሁ። በኋላ ሰው ሁሉ ሲርቀኝ ግን፣ አልዘለለም ይሆን? አርጅቼ፣ አፍንጫዬ ደንዝዞ ይሆን? አልኩ። መረቤን ለሰው የሰጠሁት ሌላ ሰው እንዳልጎዳ ፈርቼ ነው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠረጥር የኖረው ራሱን ነበር። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። መጨረሻ ላይ «አሁን ሂጂልኝ» ብቻ ነው ያለኝ።

አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ሁሉም ሳፋውን ይዞ ሲወጣ እኔም ወጣሁ። ከመድፋቴ በፊት ተናገርኩ። ባለ ዳቦዋ «ከጎንሽ ቆሜ አዝኜልሽ ነበር እኮ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አላየችኝም። ፖስተኛው ጭራሽ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። ተመካከሩና ሳፋዬን አንሺ አሉኝ። ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ መልሰው ይመክራሉ፤ እስከዚያ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እውነቱን እንድናገር ነው የጠየቁኝ። አንዲት ቃል ካጎደልኩ ተመልሼ አልቆምም። ጠረጴዛዎቼ ተነባብረው ጓሮ ገብተዋል። አሁን ከገበያው ጀርባ፣ የጥልፍ ሠራተኞች በሚበሉበት ቤት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳህን አጥባለሁ።

ካፒቴኑን የበደልኩት እኔ ነኝ። እሱ የእኔ ነው፤ ካንተ ጋር አላቀላቅለውም። አንተም አታቀላቅልብኝ። «ነጻ ወጣ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። ለካፒቴኑ ብለህ ብትጽፈው ኖሮ መጀመሪያ ለካፒቴኑ ትጽፍለት ነበር። አንተ የጻፍከው ለዋና አዘጋጁ ነው።

ስንቱን ልንገርህ? ሐሙስ ዕለት ስለ መጽሔቱ ስነግረው ካፒቴኑ «መጽሔት ላይ ስለወጣ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ምን ልበለው? ወጥቷል። ልነግርህ አስቤ ነበር ብለው ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምነውም። አንድ ቀን ፈቅጄ ልናገረው እችል ነበር ወይስ አልችልም? እሷን እንኳ ሳላውቅ እንድሞት አደረግከኝ። ከዳኸኝ፣ ቀጮ። ዙሪያውን እየዞርኩ ሌላ ስም ስፈልግለት ነበር፤ የለውም። ገመናዬን የማስቀምጥበት ሰው አንተ ነበርክ፤ አውጥተህ በሥጋ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥከው። ትኩሳት ሲይዝህ ሌሊቱን ደረቴ ላይ አቅፌህ ያደርኩት ልጅ፣ ጽሑፍህ እንዲጥምልህ እንዳልጠነቀቅ አድርገህ ጠየቅከኝ። ከሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው። በሌለች እጮኛ ስም። እኔ ደግሞ ለሷ አልጋ ልብስ አጥቤ ነበር።

እህትህ


የካቲት 24

ለውድ እትዬ፤

ደብዳቤሽን አነበብኩ። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድም ቃል አልከራከርሽም።

ለምን በአስቸኳይ ጻፍክ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። መምህሩ ለመጽሔቱ ጽፏል። የካፒቴኑ ዓሣ ትኩስ እንደነበረ በስሙ ይታተም ብሎ ነው፤ ይሄ ቀላል ነው፤ ያትሙታል። ግን መጨረሻው ላይ «የሴትዮዋ የግል ደብዳቤ እጃችሁ እንዴት ገባ? ፈቅዳለች ወይ?» ብሎ ጠይቋል። በቀይ አስምሮበታል። ሥራ አስኪያጇ ጠርታ አፋጠጠችኝ። አዎ ፈቅዳለች አልኩ። ምን ልበል? የጽሑፍ ፈቃዷን እስከ መጋቢት 10 አምጣ አለችኝ፤ ካላመጣሁ እሰናበታለሁ። ይህን አድርጎ የተባረረ ሰው ደግሞ ሌላ መጽሔት ቤት ደጅ አይረግጥም።

ወረቀቱን አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ደብዳቤዬ ታትሞ እንዲወጣ ፈቅጃለሁ» ከሚለው ሥር መፈረም ብቻ ነው። ቀኑን ኅዳር 2 ብዬዋለሁ፤ ያኔ የተሰጠ እንዲመስል። አንቺን የሚጎዳሽ ነገር የለም፤ ጉድሽ እንደሆነ አንዴ ወጥቷል። አንድ ፊርማ ናት። ማንም አያውቅም።

እናታችን ብትኖር ምን እንደምትልሽ አስቢ። እኔ ሰው እንድሆን ነበር ያ ሁሉ ድካምሽ፤ ሆኜልሽ ነበር። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ። ይህ ካለፈ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ በረድፉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ልምጣ ወይ? ታስገቢኛለሽ?

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ለታናሽ ወንድሜ፤

ወረቀቱ ደርሶኛል። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ሰነበተ። አንድ ጊዜ ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ እንድታውቀው ብዬ ነው። እናታችንንም አስቤያታለሁ። ሰው እንድትሆን ያልከውንም አስቤዋለሁ።

አንተ ባልከው ቦታ አልፈረምኩም። ከሥሩ በራሴ እጅ «አልፈቀድኩም፤ እንዲቀደድ ነበር የላክሁት። የተጻፈው ግን እውነት ነው። ዓሣውን ያሳደርኩት እኔ ነኝ፤ የካፒቴኑ ዓሣ ትኩስ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ያንን ፈረምኩ። ቀኑን የዛሬውን አደረግኩት። ነገ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጇ ይላካል። ይሄኛውን በአንድ ቀን ያስቀደምኩት ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። እኔ ከመጽሔት ነው የሰማሁት።

ሥራህን ታጣለህ። አውቃለሁ። ቂም አይደለም። ቂም ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ማንም አያውቅም» አልከኝ። እኔም ያን ቀን ጓሮ በረዶ ሳጥኑን ስዘጋ ያልኩት እሱን ነው፤ ቃል በቃል። ያቺ ቃል አንድን ሰው ሁለት ዓመት ከመረቡ ለይታለች። ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ የገባሁት ቃል ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ መጀመሪያ የመጣው ጠያቂ የአንተ ወረቀት ሆነ። ላንተ ስል ልጥሰው እችል ነበር። ድሮ ላንተ ስል የማልጥሰው ነገር አልነበረም።

ልምጣ ወይ ብለሃል። ና። ቤቱ የእናትህም ነው፤ ቁልፉ ያው ቦታ አለ። ምግብ ታገኛለህ፣ አልጋም አነጥፍልሃለሁ። አላባርርህም፤ በሰው ፊትም አላዋርድህም። ይቅር እልህ ይሆናል፤ ዛሬ ግን አላልኩህም።

አትጻፍልኝም አልልህም። ጻፍ። እኔም እመልስልሃለሁ። ከእንግዲህ ግን የምጽፍልህ ማንም ቢያነበው ግድ የማይሰጠኝን ብቻ ነው።

ጤናዬ ደህና ነው። ንፋሱ አልፏል። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ጀልባዎች እየወጡ ነው። ዳቦ አልተወደደም። ለወዳጆችህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

እህትህ